ከጠረጴዛው እግር ሥር የተገኘው ልክ

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ፣ ከጨርቅ ክምሬ ላይ ስትዘዪ ላደግሽው ቁንጫዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እግርሽ ማበጡን ተወ? ወገብሽስ? በሆድሽ ያለው እንግዳ ይራገጣል ወይስ እንደ አባቱ ተኝቶ ይውላል? ያ ምሰሶ ባልሽስ በበር ሲገባ ጎንበስ ማለት ተማረ ወይስ ግንባሩ አሁንም እንዳበጠ ነው? እኛ ከጉልበቴ ሕመምና ከሴቷ አያትሽ ቁጣ በቀር ደህና ነን። ጉልበቴስ አንዳንድ ቀን ያርፋል።

ለልጅሽ የምንሰፋው ብርድ ልብስ የት ደረሰ ብለሽ ነበር። ጎረቤታችን ነርሷ ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይዛልሽ ትመጣለች። እስከዚህ ለመድረስ ግን ያየነውን መከራ ስሚ።

መጀመሪያ ከወፍራም ወረቀት ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ይቆረጣል። ወረቀቱ ጨርቅ ላይ ይደረግና ዙሪያው ግማሽ ጣት ያህል እየተረፈ ጨርቁ ይቆረጣል። የተረፈው ወደ ኋላ ይታጠፍና ላላ ባለ ስፌት ይያዛል። ከዚያ ጎን ከጎን እየተገጠመ በእጅ ይሰፋል፤ ወረቀቱ የሚወጣው በመጨረሻ ነው። መቁረጡ የእኔ፣ መግጠሙ የአያትሽ ነበር። ጨርቁ አርባ ዓመት ከልብስ ስፌት ሱቄ ያጠራቀምኩት ቁርጥራጭ ነው። የወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪ የሠርግ ሱሪ ሳይቀር አለበት፤ ከዚያ ሰውዬ ሱሪ የሚተርፍ ጨርቅ መገኘቱ ራሱ ተአምር ነው።

መሐሉ ላይ ግን አንድ አበባ እንዲኖር ተስማማን፤ አንድ ቁራጭ መሐል፣ ስድስት በዙሪያው፣ ሰባቱም ከአባትሽ ሸሚዝ። ያ እኔው የሰፋሁለት፣ ሲያስተምር የሚለብሰው ባለ ሰማያዊ መስመሩ። ከሞተ ወዲህ አያትሽ ማንንም አላስነካችም ነበር፤ ለዚህ ግን ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። ጀርባው ሳስቷል፣ እጅጌውን በሕይወት ሳለ አሳጥሬለታለሁ። ፊቱ ብቻ፣ እሱም ከተጠነቀቁለት፣ ለሰባት ይበቃል።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ፣ አያትሽ ሳትቀድመኝ። ወረቀቱን የምለካበት ካርቶን ጠፋብኝ። ቤቱን ባምስ ባምስ የለም። ምን ቸገረኝ ብዬ የመጨረሻውን ወረቀት ለቀጣዩ ልክ አደረግሁት፣ ያንን ደግሞ ለሚከተለው። ለካ እርሳሱ በየጊዜው አንዲት ፀጉር ታህል ይጨምራል! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የእኔም ወረቀት መቶ ሃያኛው ላይ ሲደርስ እግር አውጥቶ ይሄዳል። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ እያልኩ ስንቱን ተለማማጅ ያስለቀስኩ ሰውዬ!

አያትሽ ልትገጥም ስትል የአንዱ ጎን ከሌላው አልፎ ሄደ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ወረቀት ደርባ አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝ። ዓይንሽ ነው የታመመው ብላት፣ ዓይኔስ የታመመው አንተን የመረጥኩ ዕለት ነው አለችኝ።

ሌላው ጨርቅ ችግር የለውም፤ የሰፋው ይጠባል፣ የጠበበው ነው የማይሰፋው። በመጀመሪያው ወረቀት ልክ አንድ በአንድ አስተካክዬ ቆረጥኩት። የአባትሽን ሸሚዝ ግን ለክብሩ ብዬ መጨረሻ ላይ ስላስቀረሁት የተቆረጠው በዚያ በትልቁ ወረቀት ነው። የሰባቱ ጨርቅ በስድስት አለቀ። አያትሽ ሁለት ቀን መርፌ አልነካችም። እኔም፣ አታምኚኝም እንጂ፣ ቀልድ ጠፋብኝ።

በሦስተኛው ቀን መቀሴ ወድቆ ላነሳው ጎንበስ ስል ካርቶኑ ከጠረጴዛው እግር ሥር ቁጭ ብሏል። ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ ብዬ የወሸቅሁት ራሴ ነኝ! እዚያው ተንበርክኬ ሳለሁ፣ በቀለም ተበላሽቷል ብዬ ከቅርጫቱ የጣልኩት የሸሚዙ ኪስ ታየኝ። ከነጨርቁ አንስቼ ኪሱን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ አላየም፤ ሰማያዊው ልክ ያኔ እንደቆረጥኩት ነው። ለአንድ ቁራጭ፣ በትክክለኛው ልክ፣ በቃ። ብቻ የአባትሽ ብዕር ያፈሰሰው ቀለም እዚያም ዘልቆ ባቄላ የምታህል ነጥብ ጥሏል።

ቁራጩ ዳር ይሁን፣ ነጥቡም በእጥፋቱ ይደበቅ አልኩ። አያትሽ ግን መሐል አደረገችው፣ ነጥቡንም መሐል ለመሐል። እድፍ ያለበት ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ብዬ ብጮህ፣ ልጁ አያቴ ምን ነበር ብሎ ሲጠይቅ እናቱ ምን ታሳየው አለችኝ። መርፌዋን ክር አስገብቼ አቀበልኳት። ስለዚህ በረኪና እንዳታስነኪው።

ለምሰሶው ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ጎንበስ ብሎ ይቀበል። አማትሽንም እጅ ነስቻለሁ በያት። አያትሽ ጉንጭሽን ስማለች፤ እኔ አፍንጫሽን ቆንጥጫለሁ። ለእንግዳው ደግሞ ካርቶኑን ከብርድ ልብሱ ጋር ልኬለታለሁ። ሲያድግ እግሩ ከብርድ ልብሱ መውጣቱ አይቀርም፣ የምሰሶ ልጅ አይደል? ያኔ ዙሪያውን ስትቀጥዪለት ከካርቶኑ ለኪ እንጂ ከመጨረሻው ቁራጭ አትለኪ።

ጽሑፌ የተንጋደደው እጄ ስለደከመ አይደለም፤ ጠረጴዛው እንደገና መወዛወዝ ስለጀመረ ነው።

ወንዱ አያትሽ
ከመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራት