የማይታረሙ

ዓለሜ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ድንኳኑ ውስጥ ካህኑም ሼሁም ሲያወሩ የዋሉት ስለ ደግነትህ ነው ብዬ ደስ ባሰኝህ በወደድኩ፤ ግን ስላረምክባቸው ፊደል ነው ያወሩት። አንዱ «ማመልከቻዬን ሦስቴ መለሰብኝ» ሲል ሌላው «እኔንማ የገዛ ስሜን እንደ አዲስ አስተማረኝ» ይላል። ሰው እያለቀሰ ሲስቅ ዋለ። እኔ ግን አብሬ መሳቅ አልቻልኩም። ሆዴ ቆርጧል ብዬ ነበር፤ አልቆረጠም።

ቤታችን ደኅና ነው። ትንሿ ልጃችን ደሴ ሥራ ይዛለች፤ በየሳምንቱ ትደውላለች። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የጣራውን ጥግ ገንጥሎት ነበር፤ አስመታሁት። እኔም እንደ ድሮዬ ዓሣ እጠብሳለሁ። የጽሕፈት ክፍልህን ግን እስካለፈው ወር ድረስ አልከፈትኳትም። አስፋልቱ ዳር የሰቀልካት «ማመልከቻ ይጻፋል» የምትል ሰሌዳ እንዳለች ናት፤ የወልድያ ሚኒባስ ረዳት አሁንም ከሥሯ ቆሞ ይጮኻል።

እንድከፍታት ያደረገችኝ ሐዋ ናት። ኮምፒውተር ያስተማርካት ሐዋ ዛሬ ከክፍልህ ጎን የራሷን ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ ትሠራለች። አንድ ቀን ቁልፉን ተቀብላኝ ገባችና፣ ያንን አሮጌ ኮምፒውተር አስነስታ፣ ጆሮዋን ደግና አዳመጠችው። «እትዬ ፀሐይ፣ ይህ ነገር ሊሞት ነው። ስሚው እንዴት እንደሚያቃስት! ውስጡ ያለው ሳይጠፋ እናውጣው» አለችኝ። ከደሴ የሚመጣ ባለሙያ ለቅዳሜ ቀጠረች። ሰውዬው ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ይጭንበታል። ከዚያ በፊት የሚቀረውን ከሚጣለው መለየት የእኛ ፈንታ ሆነ። የሚቀረው መዳፍ ወደማትሞላ አንዲት ጥቁር ሳጥን ይገለበጣል አለችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ያውም ሕፃን አዝዬ! «እኔ ምኑን አውቄው ነው የምለየው?» አልኳት። «አብሽሪ፣ እሱ ያስቀመጠው አይጠፋሽም» አለችኝ።

ዓለሜ፣ ለካ ያንን ሁሉ ዘመን ጀርባህን ሰጥተኸኝ ስትነካካው የነበረው ይህ ነው! ሐይቅ ከተማ ከነሰዉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ከውጫሌ ገበያ የጠፋችው ላም አቤቱታ አለ። ያጋባሃቸው ሰዎች የሠርግ ጥሪ አለ፤ የልጆቻቸውም የሠርግ ጥሪ ከጎኑ አለ። የሼሁ መንዙማ አለ፤ ካህኑ ያስጻፉህ የማኅበር ዝርዝር አለ። አንድ ሰው ሐሳቡን እየቀያየረ ያስጻፈህ ማመልከቻ ደግሞ «የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «አሁን የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «በማርያም የመጨረሻ» ይላል። ሐዋ እስክታነባ ሳቀች። ሌላውን ፋይል ሁሉ የጠራኸው በቀኑ ነው፤ የላሟ አቤቱታ «ሚካኤል»፣ የእርቁ ውል «ኪዳነ ምሕረት»፣ የሼሁ ደግሞ «ጁምዓ»። ሐዋ የእናቷን የመርዶ ማስታወቂያ ስታገኝ ተጠግታ ብዙ አየችው። ከዚያ «የሞቱበትን ቀን እኔ እንኳን ረስቼው ነበር፤ ወላሂ!» አለች። ከእንግዲህ የማይገኝ ቀን እዚህ ውስጥ ተገኘላት።

ፎልደር የሚለውን ቃል አትወደውም ነበር፤ ማኅደር ነበር የምትለው። ልጅ ሳለህ በገዳሙ ስትማር መጻሕፍቱ በቆዳ ማኅደራቸው ሆነው ከግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠሉ ደጋግመህ ነግረኸኛል። ኮምፒውተሩንም እንደዚያ ነው ያሰናዳኸው። ሁሉም ነገር በሦስት ትልልቅ ማኅደሮች ውስጥ ነው። አንዱ «ለእርማት»፣ ሁለተኛው «የታረሙ»፣ ሦስተኛው «የማይታረሙ» ይላል። ሐዋ ማኅደሮቹን በወረቀት ላይ በዝርዝር ጻፈችልኝ፤ የሚቀረው ላይ ክብ፣ የሚጣለው ላይ መስቀል እንዳደርግ። የታረሙትን አከበብኩ። ለእርማት የሚለውንም ማን ያውቃል ብዬ አከበብኩ። «የማይታረሙ» ጋ ስንደርስ ሐዋ «ይህማ ተስፋ የቆረጠባቸው ይሆናሉ» አለች። እኔም ከፍቼ እንኳ ሳላይ መስቀል አደረግሁበት።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። አራት ቀን ሙሉ ስንለይ የሁሉም ሰው ስም ሲወጣ የእኔ አልወጣም። የጠፋችዋ ላም እንኳ የራሷ ፋይል አላት። እንደ ቀልድ «ከላም አንሼ ነው?» አልኳት ለሐዋ። ቀልድ አልነበረም። አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ነበር፤ አንተም ሳታውቀው አልቀረህም።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ አንተ ጉዳይ ይዘህ ወደ መሥሪያ ቤቶች ስትሄድ አጭር ወረቀት በእርሳስ ጽፌ የክፍልህ በር ላይ እሰካልህ ነበር። ማታ ስትመጣ በቀይ እስክሪብቶ አርመህ ታመጣልኛለህ። እርሳሱ ላይ ቀይ፣ ቀዩ ላይ የእኔ ኩርፊያ። ከሁሉ የምንጣላው በስሜ ነበር። መታወቂያዬ ላይ «ጸሀይ» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔም የማውቀው እሱን ነው። አንተ ደግሞ «ሴትዮ፣ በፀሐዩ ፀ ነው፤ በሐመሩ ሐ ነው!» እያልክ ራሴን ታዞረኛለህ። «በየትኛውም ብትጽፈው ሙቀቱ ያው ነው» እልህ ነበር። ከዚያ አንድ ሰሞን ቀዩን እስክሪብቶ ተውከው። ወረቀቱን ታነባለህ፣ ታጥፈዋለህ፣ ኪስህ ትከተዋለህ፣ አለቀ። ሌላው ሰው ፊደል ሲሳሳት ትቆጣለህ፤ እኔን ዝም ትለኛለህ። እኔ የሰለቸሁህ መሰለኝ። ይህን አንድም ቀን አልጠየቅሁህም፤ መልሱን ፈርቼ።

ዐርብ ዕለት ሐዋ ለጁምዓ ሰላት ስትሄድ ብቻዬን ቀረሁ። ስም የሚፈለግበትን ቦታ አሳይታኝ ነበር። በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ «ፀሐይ» ብዬ ጻፍኩ፤ አንተ እንደምትወደው፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ። የተሳሳተ ፊደል የማታስገባ ሰው ሌላ እንዴት ትጽፈዋለህ? ኮምፒውተሩ ሲያቃስት ቆየና ምንም አልተገኘም አለኝ። ድጋሚ ጻፍኩ። ምንም። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ ከቀብርህ ቀን ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም። ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቴን ታውቀዋለህ። ኮምፒውተሩን አንተን እንደምቆጣህ እየተቆጣሁ፣ ሳላስበው፣ እጄ የለመደውን ጻፈ። «ጸሀይ»።

ወጣ።

አንድ ማኅደር ነው። የት እንዳለ ከሥሩ ተጽፏል፤ «የማይታረሙ» ውስጥ። እኔ መስቀል ያደረግሁበት።

ስከፍተው የእኔው ወረቀቶች ናቸው፤ ቀዩን እስክሪብቶ ከተውክ ወዲህ በር ላይ የሰካሁት፣ ገበታ ላይ የተውኩት፣ እርሳሱ የደበዘዘው ሳይቀር። አንድ በአንድ ስካን አድርገሃቸዋል። እጥፋታቸው ይታያል። ቀይ የለባቸውም ዓለሜ፤ አንድ ጭረት እንኳ የለም። ለእያንዳንዱ ደግሞ ስም አውጥተህለታል፤ በቀን ሳይሆን በቃል። «አሳውን ድመት በላው። ሽሮ ነው» ያልኩህ «ያሳቀኝ» ይባላል። «አትቆጣ። እኔም አልተቆጣሁም» ያልኩህ «ተቆጥታ ነበር» ይባላል። «አርዲቦ ለቅሶ ሄጃለሁ። ቁልፉ ሀዋ ጋ ነው» ያልኩህ «ቤቱ ባዶ» ይባላል። እኔ አንተ መልስ የማትሰጥ ሰው ትመስለኝ ነበር። ለካ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጥተሃል፤ እኔ የማልደርስበት ቦታ አስቀምጠኸው እንጂ! ያንተ ነገር አሁንም ይገርመኛል። ሠላሳ ዓመት ከጎኔ ተኝተህ ይህን ሁሉ እንዴት ቻልከው? ትንሽ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

የመጨረሻውን ታውቀዋለህ። ለሕክምና ደሴ በሄድክበት ቀን የጻፍኩት ነው። ከመናኸሪያ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ጎራ ሳትል ወደ ቤት እንደማትመጣ ስለማውቅ በሩ ላይ ሰካሁት። «ምሳ ሰርቻለሁ። ቶሎ ና» ይላል። ሠርቻለሁ በንጉሡ ሠ መሆኑን አሁን ዐውቄያለሁ፤ ያኔ አላወቅሁም። ሐኪሞቹ የነገሩህን ይዘህ ተመልሰህ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ቁጭ ብለህ ወረቀቴን ስካን አደረግህ። ስሙን «መጣሁ» አልከው።

ሐዋ ከሰላት ስትመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ኮምፒውተሩን በጣቴ አሳየኋት። ቆማ አነበበች። «አላህ ይዘንለት» አለችና ካጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ዝርዝሩን አነሣች፤ መስቀሌን በቀይ እስክሪብቶህ ሰርዛ ትልቅ ክብ አደረገችበት። ባለሙያው ቅዳሜ መጣ፣ የተከበበውን ሁሉ ወደ ጥቁሯ ሳጥን ገልብጦ፣ ኮምፒውተሩን ጠርጎ እንደ አዲስ ጭኖ ሄደ። ጥቁሯን ሳጥን ያንተን ነጠላ በማኖርበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጫታለሁ። የሰዎቹንም ማመልከቻና ውል ሐዋ ለየባለቤቱ እየሰጠች ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራስህ ኮምፒውተር፣ በራሴ ጣት ነው፤ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ስላንተ ስል ፊደሉን እስከቻልኩ ጠብቄያለሁ፤ የጠረጠርኩትን ሐዋን ጠይቄያለሁ። ሳስታውስህ የምኖረው በቃል ብቻ አይደለም ዓለሜ። በየወሩ፣ ባረፍክባት በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ አንድ ወረቀት ጽፌ እዚያው ማኅደር ውስጥ እጨምርልሃለሁ፤ ምን እንደ ጠበስኩ፣ ማን እንደ መጣ፣ ነፋሱ ምን እንደ ነቀለ። ይህኛውን «መጣሁ» ካልከው ሥር አስቀምጬ «ቆየኝ» ብዬዋለሁ። ስሜን ግን አታርመው።

ጸሀይ