እማዬ አክሲዮኗን በነሐሴ ለምን እንደሸጠች

ውድ ወንድሜ ኒኒያን፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ አሮሃስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? የአንገስ ክንድ ጠገነለት? ሚሪ አዲሱን ትምህርት ቤቷን ለመደችው? ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ ጉንፋን ይሁን ንዴት ሳልለየው ቀረሁ። ጉንፋን ከሆነ እግዜር ይማርህ፤ ንዴት ከሆነ ደግሞ ይህ ደብዳቤ ያብርደው። እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ አሁን በጋ ነው። እኛ እዚህ ከርካልዲ ገና ከሰዓት በኋላ ሻይ ሳንጠጣ መብራት እናበራለን፤ ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስም የጓሮውን አጥር አንድ ወገኑን ጥሎታል። ከዚያ በቀር ደህና ነን። ባለቤቴ ኢዊን ጀርባውን እንዳመመው ነው፣ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። እማዬም ሰባ ዘጠኝ ዓመቷን ይዛ፣ የግራ ዳሌዋን እየረገመች፣ ደረጃውን ዛሬም ትወጣለች ትወርዳለች።

«ምርጫው ባለቀ ማግስት የባንኩ አክሲዮን እንዲህ ሊዘል፣ በነሐሴ በርካሽ ያሸጣት ማነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያን ጊዜ አፌን የያዝኩት የምደብቀው ኖሮኝ ሳይሆን እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ምን እንዳልክ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «በይ ሁሉንም ጻፊለት፤ ግን እንዳታሳምሪው» አለችኝ። ስለዚህ ሳላሳምር እጽፍልሃለሁ።

አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ባንክ መስኮት ቆሞ ሲሠራ፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ አክሲዮን ይገዛ እንደነበር ታውቃለህ። ምናልባት የማታውቀው የባንኮቹ ቀውስ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የጸደይ ወራት ፒተንዊም ወደብ አጠገብ ያለች ትንሽ ቤት አይቶ፣ ወድዷት፣ ቀብድ ሊከፍል ደርሶ እንደነበረ ነው። አክሲዮኑ ያኔ ጣሪያ ነክቶ ነበር። «እስከ ገና ልቆይ፣ ገና ይጨምራል» አለ። በሚቀጥለው ዓመት ባንኮቹ ሲንኮታኮቱ የአባባ ሀብት ሙቀት እንደነካው በረዶ ሟሟ። ከዚያ በኋላም «ይመለሳል» እያለ ኖረ፤ ሳይመለስም እሱ ሄደ። ቤቷን ሌላ ሰው ገዛት። እማዬ እስካሁን በዚያ በኩል ስናልፍ ፊቷን ወደ ባሕሩ ታዞራለች።

ከእሱ የቀረው ቀስ በቀስ ትንሽ ነፍስ ዘራ። በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ እማዬ ልትሸጠውና በገንዘቡ አንተ ዘንድ ልትመጣ ቆረጠች። እኔም አብሬያት ልመጣ ነበር። ለአንተ ያልነገርንህ ቲኬቱን ሳትይዝ ተስፋ ልትሰጥህ ስላልፈለገች ነው። አጎታችን ላክላን ግን ያው አጎታችን ላክላን ነው። የራሱም አክሲዮን እዚያው ባንክ ስላለ ጉዳዩን ከባለሙያ በላይ የሚያውቅ ይመስለዋል። «ጀሲ፣ ሞኝ አትሁኚ» አላት። «በሰኔው ሕዝበ ውሳኔ ሕዝቡ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር እንቆይ ብሎ ድምፅ ይሰጣል፤ በማግስቱ ዋጋው ይዘላል፤ ያኔ ትሸጫለሽ።» ታገሠች። ድምፁ በተሰጠ ማግስት ሕዝቡ እንውጣ ማለቱ ታወቀ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቁርስ ሳይደርስ ሥልጣኑን እንደሚለቅ ተናገረ፣ የባንኩም አክሲዮን ከገደል እንደተለቀቀ ድንጋይ ወረደ። እማዬ ራዲዮኑን አጥፍታ፣ ሽርጧን አስራ፣ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ስታጸዳ ዋለች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው። አዲሷ ጠቅላይ ሚኒስትር ትረጋጋ ተባለ። ምርጫ ጠራች፤ ምርጫው ይለፍ ተባለ። ምርጫው አለፈ፣ ግን አብላጫውን አጥታ ወጣች። ከአውሮፓ የመውጫው ስምምነት ይፈረም ተባለ። ፓርላማው ስምምነቱን ይጥለዋል፣ እንደገና ይቀርባል፣ እንደገና ይጥለዋል፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የመውጫው ቀን ከመጋቢት ወደ ጥቅምት ተገፋ። በዚህ ሁሉ መሐል እማዬ «የእነሱ ጠብ የኔን አክሲዮን ምን አገባው?» ብላ አጎታችንን ጠየቀችው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲያስረዳ ደህና ነው። «የባንክ አክሲዮን የአገር ትኩሳት መለኪያ ነው» አላት። «ሰው ነገ ምን እንደሚመጣ ካላወቀ ቤት አይገዛም፣ ባለሱቁ ለማስፋፊያ አይበደርም፣ አንዳንዱም የተበደረውን መክፈል ያቅተዋል። ያ ሁሉ ባንኩ ላይ ነው የሚያርፈው። ነጋዴው ደግሞ ጉዳቱ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ሲሸተው ይሸጣል።» እማዬም «እንግዲያው እኔ ብቻ ነኝ ሳይሸተኝ የምጠብቀው» አለችው።

ባለፈው ግንቦት ኤድንበራ በተደረገው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እማዬ፣ አጎታችንና እኔ ተገኘን። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ልትለቅ ነው የሚለው ወሬ በየቦታው የሚወራበት ሳምንት ነበር። አዳራሹ እንደ እማዬ ያሉ ሽበታሞች ሞልተውት ነበር። አብዛኞቹ የቀድሞ የባንኩ ሠራተኞች፣ ወይም የእነሱ ባሎችና ሚስቶች ናቸው። ጥያቄ ሲፈቀድ እማዬ እጇን አወጣች። አጎታችን ቀሚሷን ይዞ «ኧረ ተቀመጪ፣ አታሰድቢን» ይላል። ተነሥታ ምን እንዳለች ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «ጌታዬ፣ ባሌ በእናንተ መስኮት ቆሞ አረጀ። እኔ ልጄን ለማየት እነዚህን አክሲዮኖች መሸጥ እፈልጋለሁ። መሪ ሲለወጥ ጠብቂ ይሉኛል፤ መሪው ተለወጠ፣ እንደገና ይለወጣል። የምትጠብቁትን እናንተ ታውቁታላችሁ ወይ?»

የቦርዱ ሰብሳቢ መልካም ሰው ነው፣ አልተቆጣም። ባንኩ ለማንኛውም ሁኔታ እንደተዘጋጀ፣ ካፒታሉም ጠንካራ እንደሆነ፣ የፖለቲካው ጉዳይ ግን ከእጃቸው ውጭ መሆኑን ረጋ ብሎ አስረዳ። እማዬ «አመሰግናለሁ፤ እንግዲህ እርስዎም እንደኔ ነዎት» ብላ ተቀመጠች። ከኋላችን ያሉት ሳቁ፣ አንድ ሽማግሌ አጨበጨበላት። በባቡር ስንመለስ የባሕሩን ድልድይ እንዳለፍን «ላክላን፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኗል ነገሬ» አለች። እሱም አዲሱ መሪ በሐምሌ ይገባል፣ ያ ብቻ ይለፍ አላት። ለመጨረሻ ጊዜ እሺ አለችው።

አዲሱ መሪ ገባ። ስምምነት ኖረም አልኖረም በጥቅምት እንወጣለን ሲል ገበያው ደነገጠ፤ አክሲዮኑ ከግንቦቱም በታች ወረደ። እማዬ በነሐሴ አንድ ማክሰኞ ቀን ኮቷን ለብሳ «ነይ በመኪና አድርሺኝ» አለችኝ። ወዴት ብላት «ልሸጥ» አለች። እኔ በመኪናው ውስጥ እስከ ጥቅምት ብትቆይ ምን አለበት ብዬ ለምኛት ነበር፤ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። እሷም «ሮና፣ ዳሌዬ የፓርላማውን ቀጠሮ አያውቅም» አለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች። የአክሲዮን አሻሻጩ ዘንድ ገብታ ፈረመች። ገንዘቡ ሲቆጠር ለአንድ ሰው ጉዞ፣ ለሐኪም ምርመራዋና ለኢንሹራንሷ በቃ። ለሁለት ሰው አልበቃም። የእኔ ቲኬት እዚያ ላይ ቀረ።

አጎታችን ሲሰማ አኮረፈ። እሑድ ምሳ መምጣቱን ተወ፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ ያልፍ ነበር። በጥቅምት ስምምነት ሊገኝ ነው ተብሎ ዋጋው ሽቅብ ሲል የእኛን በር ሳያንኳኳ ጋዜጣውን በደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ አስገብቶ ሄደ። ከዚያ አንተም ያየኸው የዚህ ወር ምርጫ መጣ። አንዱ ወገን በሰፊው ስላሸነፈ፣ ነጋዴው «ቢያንስ አሁን ማን እንደሚገዛ ታወቀ» ብሎ ባንኮቹን ተሻምቶ ገዛ። በምርጫው ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ የጨመረው ብቻ የእኔን ቲኬት ከነመመለሻው ይሸፍን ነበር።

እማዬ ምንም አልመሰላትም ብልህ ዋሽቼሃለሁ። ዜናውን ሰምታ ምሳዋን አልበላችም። ማዕድ ቤት ቆማ ልዩነቱን እንዳሰላላት ጠየቀችኝ፤ አሰላሁ፤ ነገርኳት። «ውድ ነው» አለች። ትንሽ አለቀሰችም። አንቺም ልትመጪ ነበር አለችኝ፤ እኔም አለቀስኩ። በነጋታው ግን ቅዳሜ ነበርና ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የሚሆን ሰፊ ጫማ ልትገዛ ወጣች። ሱቁ ውስጥ ሻጯ ወዴት እንደምትሄድ ስትጠይቃት የሰጠችውን መልስ ብትሰማ! ከእሷ በቀር ኒውዚላንድ ልጅ ያለው ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስልም።

እሑድ ዕለት አጎታችን መጣ። ሊኩራራ እንደመጣ ከአረማመዱ ያስታውቃል፤ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ይዟል። እማዬ ድስቱን እያማሰለች «ደስ ይበልህ ላክላን፤ እንግዲህ ሸጥከው?» አለችው። ቀና ብሎ አያት። «አሁን? በጥር መጨረሻ ከአውሮፓ ለይቶልን ስንወጣ ገና ይጨምራል እኮ!» አላት። እሷ ሳቀች። እሱ መጀመሪያ ተቀየመ፣ ቆይቶ እሱም ሳቀ፤ የተፈጨውን ሥጋና ድንቹን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ሊሄድ ሲል ኮቱን እየቆለፈ ወደ እኔ ዞሮ «በጥር ስሸጥ የሮናን ቲኬት እኔ ነኝ የምገዛው» ብሎ ማለ። ከልቡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አጎታችን ክፉ ሰው አይደለም። አንተ ግን እሱን ታውቀዋለህ፤ ለእኔ አልጋ አታንጥፉ።

እማዬ የካቲት 9 ቀን ከኤድንበራ ተነሥታ እናንተ ዘንድ ዱኒደን የካቲት 11 ማለዳ ትደርሳለች። ተሽከርካሪ ወንበር አዝዤላታለሁ፤ አልቀመጥም ብላ ከሠራተኞቹ ጋር ብትጣላ በእሷ አትፍረዱባት። ደረጃ የሌለበት ክፍል ስጧት። ጠዋት ገንፎዋን በጨው እንጂ በስኳር እንዳታቀርቡላት። ስለ አክሲዮኑም እሷ ካላነሣች አንተ አታንሣው። ካነሣችው ደግሞ አትቆጣት፣ ልክ ነሽም አትበላት፤ ዝም ብለህ አድምጣት።

ለአሮሃ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው የሱፍ ሹራብ ልኬ ነው። ለአንገስ ክንዱን ሳያበረታ ዛፍ እንዳይወጣ አክስትህ ብላለች በለው። ሚሪን ሳምልኝ። ኢዊን ሰላም ብሎሃል፣ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግህንም እየጠበቀልህ ነው። አጎታችን ላክላን የባንኩን ዋጋ በየሳምንቱ እንድትከታተል አደራ ብሏል። እማዬ ደግሞ አሁን ከጎኔ ሆና ይህን ጻፊልኝ ትላለች፦ «ልጄ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ቀድመህ ቁም። ከእንግዲህ መጠበቁ የአንተ ተራ ነው።»

እህትህ ሮና

ከርካልዲ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.