መጽሐፉን ገልጠህ አንብብልኝ

ይድረስ ለልጄ ለሰገነት፣ ሐዋሳ። ሰላምሽ እንደ ጣና ውኃ ይብዛ። እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ መንገድ ላይ ሁለቴ አርፋለሁ፤ ሙቀቱ ነው።

የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ባምላክን ተወው ብለሽኝ ነበር። አልተውሁትም። የማይስማሙ ሁለት መድኃኒቶች ሳያጣራ አብሮ ሰጥቶ እናትሽን ያሳጣን ሰው ዛሬም እዚሁ ግሽ አባይ ሰፈር መድኃኒት ይሸጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፉ ሲበዛ እሄድና፣ «ያን ወፍራም የመድኃኒት መጽሐፍ ገልጠህ አንብብልኝ» እለዋለሁ።

«አባባ፣ አሁን እኮ ሁሉም ስልኬ ላይ አለ።»

«ስልኩማ ያን ቀንም እጅህ ላይ ነበር!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ እርሱ ላቡን ይጠርጋል፤ እኔ ደስ ይለኛል። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ግን «ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል።

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ የታዘዘ የልብ መድኃኒት ወረቀት ሰጠሁት።

«የማን ነው?»

«የጎረቤቴ» አልሁ።

«ሌላ የሚወስዱት አለ?» ሲለኝ ወስጄ ያጋመስሁትን ክኒን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። እንደገና ይሳሳትና በሰው ፊት አዋርደዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። እርሱ ግን ሳልጠይቀው መጽሐፉን አወረደ፤ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ሁለቱ አብረው አይወሰዱም፤ ሐኪሙ ይቀይርላቸው» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን በንዴት ነደድሁ። መጽሐፍ መግለጥ ለካ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል!

ፈቃድ ካገኘሽ ጥምቀትን ሳትጠብቂ ነይ፤ ቅዳሜ ከሆነ ግን ቤት አታገኚኝም። አምላክ ባለሽበት ይጠብቅልኝ።

አባትሽ አዘዘ፣ ከባሕር ዳር