ደማችንን እያየን ስለ ደም እንዳናነብ ለከለከሉን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ደህና አድርጎ የሚያስደነግጥ መጽሐፍ አጥቶ ለተቸገረ አንባቢ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። እኔ ኩላሊቶቼ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ከመውጣታቸው በቀር ደህና ነኝ። የእርስዎ ኩላሊቶች ግን እስከ ሽምግልና በታማኝነት እንዲያገለግሉዎት፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወንበርዎም የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ ኩላሊት የከዳው ሰው የራሱን ዕጣ ለጠላቱም አይመኝም። እርስዎ ደግሞ ጠላቴ አይደሉም፤ እዚያ ገና አልደረስንም።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። በእጥበት ክፍሉ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ የምተኛው፣ መነጽሬን በክር አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት አሮጊት ነኝ። በደህናው ጊዜ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ እጽፍ ነበር፤ ባሏ ያባረራት፣ አከራዩ ዕቃውን ደጅ የጣለበት፣ ወንድሙ ውርሱን የበላበት ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ለባለሥልጣን ደብዳቤ መጻፍ ለእኔ ውሃ እንደመጠጣት ነው። ውሃ መጠጣትን ደግሞ ሐኪሙ ስለከለከለኝ፣ እነሆ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ጉዳዬ እርስዎ በቅርቡ በሁለት ጥበቃዎች ያስነሡትን የእጥበት ክፍሉን የመጽሐፍ መደርደሪያ ይመለከታል። ግልባጩ የሚደርሰው አንባቢ እንዳይደናገር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በየሁለት ቀኑ እየመጣ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተተክሎበት፣ ደሙ በቱቦ ወጥቶ በማሽን ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ ከጠዋት እስከ ቀትር ይተኛል። አንዱ እጅ ታስሯል፣ ሌላው ሥራ ፈቷል። ሥራ የፈታ እጅ ምን እንደሚሠራ ደግሞ ማንም ያውቃል። ጎረቤቴ ሾፌሩ፣ ዕድሜውን በከባድ መኪና የጨረሰ ሰው ነው፣ የአልጋውን ደወል እንደ ክላክስ እየነፋ ሲስተርን ሲያንገላታት ይውል ነበር። አስፈሪ ልብ ወለድ አምጥቼ እጁ ላይ ያኖርኩለት ዝም ለማሰኘት ብዬ ነው። ዝም አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ደርሶ ቆሞ ተገኘ።

ሌሎቹም «ለእኛስ?» ስላሉኝ መጽሐፉ በዝቶ መደርደሪያ አቆምን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሾፌሩ ጉድ አመጣብን። ሰዎች ግማሽ ያደረሱትን መጽሐፍ ኮቱ ውስጥ ደብቆ ቤቱ ወስዶ ጨረሰውና፣ ጠዋት ገና ከበሩ ላይ «ገዳይዋ አማትየዋ ናት!» ብሎ ለፈለፈው። ያን ቀን ሁላችንም ማሽን ላይ ባንታሰር ኖሮ ሾፌሩ ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር። ሕጋችን የወጣው በዚያው ዕለት ነው፦ መጽሐፍ ከክፍሉ አይወጣም፤ የሚነበበውም ማሽን ላይ ተኝቶ ብቻ ነው። ታሪኩ ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ በቀጠሮው ይመጣል። የቀረ ሰው ምዕራፍ ያልፈዋል።

ይህ ሕግ ለሾፌሩ ቅጣት ነበር፤ ለልብስ ሰፊዋ ግን መድኃኒት ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ አጠገብ ባለው አልጋ የምትተኛ፣ አንዲት ሴት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ወጣት ናት። የደንበኛ ቀጠሮ ሲበዛባት «ዛሬስ ደህና ነኝ» ብላ ትቀር ነበር። ከእጥበት የሚቀር ሰው ውሃው ሳንባው ውስጥ እንደሚጠራቀም ሐኪሙ ሥዕል ሥሎ አስረድቷታል፣ ሲስተር ለምናታለች፣ እኔም እንደ እናት ተቆጥቻታለሁ። ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት በሰው ትከሻ እየተደገፈች የገባችበት ጊዜም አለ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ «የማትተኛዋ ተከራይ» የተባለውን አዲስ ልብ ወለድ ሰጠኋት። ተከራይዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆና ከውስጥ ማንኳኳት የጀመረችበት ገጽ ላይ ስትደርስ ማሽኑ ጮኸ፤ ሰዓቷ አለቀ። መጽሐፉን ስቀበላት ጡት እንደነጠቋት ሕፃን አየችኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀረችም። ሐኪሙን፣ ሲስተርንና እኔን ያቃተንን ቁም ሳጥን ውስጥ ያለች ሴትዮ ሠራችው።

እንግዲህ እርስዎ እንግዶች ይዘው ክፍላችንን የጎበኙት በዚህ መሐል ነው። ከአልጋ ሥር እጅ የሚወጣበትን የመጽሐፍ ሽፋን አይተው ፊትዎ እንዴት እንደጠቆረ እኛም አይተናል። ቀጥሎ ስላደረጉልን መልካም ነገር ሁሉ በተራ በተራ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ በራችን ላይ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ። «ደም፣ ሞትና ድንጋጤ ያለባቸው መጻሕፍት ለታካሚዎች ሥነ ልቦና ሲባል ተከልክለዋል» ይላል። አሳቢነትዎ ልብ ይነካል። ብቻ እኛ ይህን ማስታወቂያ ያነበብነው የገዛ ደማችን በአንዱ ቱቦ ሲወጣ፣ በሌላው ሲመለስ እያየን ነው። ክልከላው የተሟላ እንዲሆን ቱቦዎቹን ጨርቅ ቢያለብሱልን፣ አለዚያም ደማችንን ደስ የሚል ቀለም ቢያስቀቡልን መልካም ነበር። ስለ ሞትም ቢሆን እኛ ወሬውን ከመጽሐፍ አልሰማንም፤ በየሁለት ቀኑ በር ላይ እንተላለፋለን፣ የእግዜር ሰላምታ አለን።

ሁለተኛ፣ በመደርደሪያው ፋንታ ስለሰቀሉልን ቴሌቪዥንና ስላደሉን ቡክሌት። ቴሌቪዥኑ ዓሣ ሲዋኝ ያሳያል፤ እኔ ከመስኮቱ ሥር አንዲት ብርጭቆ ውሃ ተከልክዬ ተኝቼ፣ ዓሣው በዚያ ሁሉ ውሃ ሲንበሸበሽ ማየት እንዴት እንደሚያጽናና መገመት አያቅትዎትም። «ፈገግ ይበሉ፣ ነገ ብሩህ ነው» የሚለውን ቡክሌት ሾፌሩ ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። ሬሳው መቼ ይገኛል እያለ እስከ መጨረሻው ገጽ ጠብቆ፣ ሲያጣ ደራሲውን ተራገመ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጄኔሬተሩ። ልብ አንጠልጣይ ነገር ከለከሉን ብዬ ባማርር ሐሰተኛ እባላለሁ። መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ባንዴ ሲጮሁ፣ ሲስተር ደማችን ቱቦ ውስጥ እንዳይረጋ የማሽኑን መዘውር በእጇ እያዞረች ካንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሮጥ፣ እኛም ጄኔሬተሩ ይነሣል አይነሣም እያልን ጣሪያ ጣሪያ ስናይ፣ እንዲህ ያለ ምዕራፍ የጻፈ ደራሲ እስካሁን አላገኘሁም። ተሰጥኦ አለዎት።

አራተኛውን ስጽፍ ግን ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ጥበቃዎቹ የመጡ ቀን ልብስ ሰፊዋ ማሽን ላይ ነበረች። መጽሐፉን ከእጇ ወሰዱባት። መርፌ ያለበትን ክንዷን ማንቀሳቀስ ስለማትችል ባንድ እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛው ነበር፤ ሲጎትቱባት ለቀቀች። በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጣችም። በዚያኛውም አልመጣችም። ሲስተር አልጋዎቹን ጥላ ልትፈልጋት አትችልምና ለቢሮዎ አመለከተች፤ ቢሮዎም «ታካሚዋ በገዛ ፈቃዷ ቀርታለች» ሲል አጭርና ግልጽ መልስ ሰጠ።

ስለዚህ ያንኑ መጽሐፍ አዲስ ገዝቼ፣ እኔው አሮጊቷ እየተንጠራወዝኩ ቤቷ ሄድኩ። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎት፣ የሰው ቀሚስ እየሰፋች አገኘኋት። አንዱን ቃል ከሌላው ለመቀጠል ትንፋሽ እያጠራት «ሥራ በዝቶብኝ እንጂ ደህና ነኝ» አለችኝ። አልለመንኳትም፤ ልመና ድሮ ሞክሬዋለሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ካቆመችበት ገጽ ጀምሬ አነበብኩላት። የቁም ሳጥኑ በር ሲጥጥ ብሎ ገርበብ ሲል መጽሐፉን ዘጋሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። «ማን ወጣ?» አለች። «የሚነበበው ማሽን ላይ ነው» አልኳት። «አንቺ ክፉ አሮጊት!» ብላ ሰደበችኝ። ዕድሜ ልኬን በጠበቃም በተከሳሽም ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚህ የጣመኝ ስድብ ግን የለም። ልጇን ጠርታ ነጠላ ጫማ አስመጣችና ተነሣች። ሐኪሙ ሲያያት ያለውን ቃል በቃል ልንገርዎ፦ «ነገ ቢሆን ኖሮ አትደርሱባትም ነበር።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን እንደ ቀልድ ብጽፍልዎም ቀልድ አይደለም። ተናድጃለሁ። አንዲት እናት ለጥቂት ልታመልጠን ነበር፤ ልታመልጠን የነበረውም በድንጋጤ አይደለም፣ እርስዎ ከድንጋጤ ሊያድኗት ስለተነሡ ነው። ፍርሃት ምን እንደሆነ እኛን ባያስተምሩን ምን ነበር? የእውነቱን ፍርሃት ቤታችን ትተን የምንመጣበት መንገድ ብናጣ ነው የሐሰቱን የምናነበው። እዚያ ውስጥ ቢያንስ የሚሞተው ሌላ ሰው ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጥፋተኛው ይታወቃል።

አሁን ወደ ግልባጩ ባለቤቶች ልመለስ፤ እነሱ የመጡት መጽሐፍ ፍለጋ ነው።

ውድ አንባብያን፣ «የማትተኛዋ ተከራይ»ን ክፍል የሚያከራይ ሰው ሁሉ ያንብባት፤ ካነበበ በኋላ ግን ተከራዩን ባያባርር ደግ ነው። «ሳጥን ሠሪው ልኬን ያውቃል» የሰፈሩ ሰው ገና ሳይታመም የሬሳ ሳጥኑን ሠርቶ ስለሚጠብቅ፣ ልኩን ደግሞ ስቶ ስለማያውቅ አናጢ ነው። ሾፌሩ እሱን ካነበበ ወዲህ ሜትር የያዘ ሰው ሲጠጋው ይጮሃል፤ ልብስ ሰፊዋም ይህን ስላወቀች ሜትሯን አንገቷ ላይ አጥልቃ ነው የምትመጣው። «ጓዳ ውስጥ ማን አለ» አጀማመሩ ይንቀረፈፋል፣ ደራሲው ግድግዳና መጋረጃ ሲገልጽ ያሰለቻል፤ ግን ታገሡት። አምስት ሰው በሚበላበት ቤት ለምን ስድስት ሳህን እንደሚታጠብ ትንሿ ልጅ የጠየቀች ጊዜ፣ እኔ የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሲስተር መጽሐፉን ነጥቃኛለች። ኋላ ዞር ብዬ ሳይ እሷው ራሷ ቆማ ታነበው ነበር። ብዙ ደም የማይወድ ከዚህኛው ይጀምር፤ አንዲት ጠብታ የለበትም፣ እንቅልፍም የለበትም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መደርደሪያውን ይያዙት። ጥሩ እንጨት ነው፣ ቢሮዎን ያሳምርልዎታል። መጻሕፍቱ ግን አንድ በአንድ አዲስ እየተገዙ ተመልሰዋል። እስከ ትናንት ብርድ ልብሳችን ሥር ነበሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሽፋናቸውን ወደ በሩ አዙረን፣ የአልጋው ሥር እጅ በደንብ እንዲታይ አድርገን እናነባለን። ሊወስዷቸው ሲፈልጉ ጥበቃ አይላኩ፤ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ማሽን ላይ ሳለን ይምጡና፣ ዓይን ዓይናችንን እያዩ፣ ከእያንዳንዳችን እጅ አንድ በአንድ ይቀበሉን። ከቻሉ ማለቴ ነው። እኔን ከክፍሉ ማስወጣት ቢያምርዎትም መንገዱ ቀላል ነው፤ ግን ጃንጥላዬ እስካሁን አልተቀደደም፣ የሆስፒታሉ አጥርም ከፍርድ ቤቱ አጥር የተሻለ ጥላ አለው። ከዚያ ሥር ቁጭ ብዬ ለሚያልፍ ታካሚ ሁሉ አቤቱታ ብጽፍለት ቢሮዎ የሚነበብ ነገር አያጣም።

የተከበረ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለጤናችን ሲሉ ጤናችንን ሊያሳጡን ስለደከሙት ድካም ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ክንዴ ታስሮ አንደበቴ ያልታሰረ ታማኝ ታካሚዎ፣
አቤቱታ ጸሐፊዋ፣ ከመስኮቱ ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ ሆና አነበበችውና «እማማ፣ በጣም አከበርሻቸው» አለችኝ። ከእሷም አንድ ቃል እንዳደርስላት ስለጠየቀችኝ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደተናገረችው እነሆ፦ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መጽሐፉን ከእጄ ለመውሰድ ሁለት ሰው ልከው ነበር። እኔ ስቀር እኔን ለመፈለግ ግን አንድም ሰው አልላኩም።»