የኋላው አቧራ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ሙቀቱ ዛሬም አልተቻለም። ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ጠዋት ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ኪሎ ሚስማር ሸጥኩ... ከሰዓት ምንም። ጡረታ ማለት ይሄ ነው? ሃያ ስድስት ዓመት መሪ የያዘ እጅ ሚስማር ሲመዝን ይዋል?

አስር ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ መጣች። ሀሌሉያ ትባላለች፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። የበረሃ መኪና ውድድር እያዘጋጀን ነው አለች። የት? እዚሁ። ከጋምቤላ ተነስቶ በአቦቦ አድርጎ ወደ ፑኝዶ፣ ከዚያ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በሣሩ መሃል። ሦስት ቀን። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኛ ያንን መንገድ በሰላም ጨርሰን ቤታችን ለመግባት ስንለምን ኖርን፣ እነዚህ ከፍለው ሊገቡበት!

"ጋሼ ሱሌማን፣ የጠየቅሁት ሾፌር ሁሉ እርስዎን ነው የጠቆመኝ" አለች። ለተወዳዳሪዎቹ የበረሃ አነዳድ እንዳስተምር፣ በውድድሩ ደግሞ የመጨረሻዋን መኪና እንድነዳ ነው የምትፈልገው። የተበላሸውን፣ የጠፋውን እየለቀመች የምትሄደዋን። እኔ? የመጨረሻ? ዕድሜዬን ሙሉ የፊት መኪና ነበርኩ እኮ።

"ብቻዎን አይደሉም፤ አገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ይጨመርልዎታል። ማን ይሁን?"

አፌ ቀደመኝ። "ፓል" አልኩ። "ኢታንግ ነው ያለው።"

ለሰአዳ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። "ፓልን? አንተ ራስህ?"

"አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

"አፍህ ካንተ ይሻላል" አለችኝ። አይ ሚስት!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ሱቅ ሳልከፍት ጓሮ ያለውን አሮጌ ሳጥን ፈታሁ። ካሴቶቹ አሉ። ግማሹን አይጥ በልቶታል።

ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ጭነት ስናመላልስ ሁልጊዜ ሁለት መኪና ነበርን። እኔ ከፊት፣ ፓል ከኋላ። አሥራ ሁለት ዓመት እንደዚያ። አቦቦ ስንደርስ ካሴት እንለዋወጣለን። የእሱን የኑዌር ዘፈን ቃሉን ሳላውቀው እስከ ፑኝዶ አብሬ እጮህ ነበር። የኔን መንዙማ እሱ ያንጎራጉራል፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ። ባሮ ዳር ዓሣ ካስጠበስን፣ ሶላቴን እስክጨርስ አይነካውም። "ይቀዘቅዛል፣ ብላ" ስለው፣ "ዓሣ እኮ ውኃ ውስጥም ቀዝቃዛ ነበር" ይለኛል። ወይ ፓል...

ሕጋችን አንድ ነበር። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አላስተማረንም። የፊተኛው በስፖኪዮ የኋለኛውን አቧራ ያያል። አቧራው ካለ ጓደኛህ አለ። ጠፋ? ቁም። ሞተር አጥፋና ጆሮህን ስጥ። አንድ ሲጋራ ተጨሶ እስኪያልቅ ጠብቅ። (እኔ አላጨስም፣ በግምት ነው።) ካልመጣ ዙረህ ተመለስ። ጭነቱ ቢዘገይ ይዘገይ፣ አለቃ ቢቆጣ ይቆጣ።

ስልክ የለ፣ ኔትወርክ የለ። ያ አቧራ ነበር ያለን። ከዚያ ወዲህ ሰው እንደዚያ አምኜ አላውቅም። ናፈቀኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፣ ፓል ናፍቆኛል።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 19

ሀሌሉያ ደወለች። ፓል እሺ ብሏል።

"እኔ እንዳለሁበት ያውቃል?"

"ነግሬዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"ሳቀ።"

ምን ዓይነት ሳቅ? ልጅቷን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሚያዝያ ነበር፣ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አደረ። ጠዋት ከአቦቦ ወጣን። በስፖኪዮ አየሁ... ምንም የለም። ታዲያ በዝናብ ምን አቧራ አለ? መሬቱ ረጥቧል፣ ፓል ከኋላ አለ፣ ብዬ ነዳሁ። ፑኝዶ ገባሁ። ምሳ በላሁ። ሲዘገይ "ጎማ እየቀየረ ይሆናል" አልኩ። ሲመሽ "አቦቦ ተመልሶ አደረ" አልኩ። ተኛሁ።

የዋልካው ጭቃ አንሸራቶት ተገልብጦ ነበር። እግሩ ከመኪናው ሥር። ያገኙት በማግስቱ ከሰዓት ነው። ሃያ ስምንት ሰዓት።

ሲዘንብ አቧራ እንደማይነሳ የማያውቅ ሾፌር የለም። እኔም ስለማውቅ ነው ያልቆምኩት። ባላውቅ ኖሮ እቆም ነበር።

ከዚያ በኋላ እሱ መንዳት አቆመ፤ ኢታንግ ገባ። እኔ... ሐኪም ቤት እንኳን... ተወው። ይሄን አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ብቀርስ? ወገቤን ይዞኛል ብልስ? ሰአዳ "ወገብህን የያዘህ ፓል ነው" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

መጣ።

ድንኳኑ ውስጥ ገና ቆሜ ወረቀቴን ሳስተካክል ነው ያየሁት። ዱላ ይዟል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ቁመቱ ግን ያው፣ በድንኳኑ በር ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። "ማሌ" አልኩት፣ በእነሱ ሰላምታ። "ማሌ" አለኝ። እጄን ጨበጠኝና ኋላ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በቃ። የአሥራ ሰባት ዓመት ሰላምታ ይሄው ነው።

ተወዳዳሪዎቹ ሃያ አራት ናቸው፣ በአሥራ ሁለት መኪና። ሁሉም ጥቁር መነጽር። መኪናቸው ግን... ወላሂ እንዲህ ያለ ጎማ እኛ በሕልማችንም አላየንም። ያለኝን ነገርኳቸው። ውኃ ለሰው ለብቻ፣ ለራዲያተር ለብቻ፤ አይደባለቅም። አሸዋ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ከጎማው አየር ቀንስ፤ ከገባህ በኋላ ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር መቃብርህን ነው የምትቆፍረው። በሰው አቧራ ውስጥ ቀድመህ አትለፍ፤ ከፊትህ ላም ይሁን ልጅ ይሁን አታይም። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ሞተር አጥፍተህ አሳልፍ፤ የሰው ሀብት ነው፣ አገሩም የእነሱ ነው። ከተበላሸህ ከመኪናህ አትራቅ። መኪና ይፈለጋል፣ ይገኛል፤ በሣር ውስጥ የሚሄድ ሰው ግን አይታይም።

ቀጥሎ የአቧራውን ሕግ ነገርኳቸው። ተክሌ የሚባል የሰባት ቁጥር ሾፌር እየሳቀ፣ "ጋሼ፣ እኛ እኮ ውድድር ላይ ነን። የኋላው አቧራ ሲጠፋ ነው ደስ የሚለን!" አለ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አንዱ ደግሞ "ዝናብ ቢሆንስ?" አለ። ዝም ብሎ ነው የጠየቀው፣ ልጁ ምን ያውቃል።

ፓልን አየሁት። እሱ ዱላውን ያያል።

"ዝናብ ከሆነ" አልኩ፣ "አቧራ የለምና ዓይንህን አትመን። በየሩብ ሰዓቱ ቁምና ጠብቅ። እኔ አንድ ቀን አልቆምኩም። ጓደኛዬ መኪና ሥር ሃያ ስምንት ሰዓት ዋለ፣ አደረ። እኔ ምሳ በልቼ ተኝቼ ነበር።"

መነጽራቸውን ያወለቁ አሉ። ፓል ቀና አላለም። ሲያልቅ ከሀሌሉያ ጋር ስለ ነዳጅ እያወራ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

እጄ አሸዋ በአሸዋ ነው፣ እንደዚሁ ልጻፍ።

ትናንት በሰላም ዋልን። እኔ እነዳለሁ፣ ፓል አጠገቤ መጥፎ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። "ወደ ግራ።" "ቀስ በል።" "ጉድጓድ አለ።" ሌላ ወሬ የለም። ዛሬም በዚያው ጀመርን። ረፋዱ ላይ መኪኖቹ የሚመዘገቡበት ሦስተኛው ጣቢያ ስንደርስ መዝጋቢው አሥራ አንድ መኪና አለፈ አለን። ሰባት ቁጥር የለም። "በሌላ በኩል ቆርጦ ቀድሞ ይሆናል" አለ መዝጋቢው።

ይሆናል... ይሄንን "ይሆናል" አውቀዋለሁ። መኪናዋን አዞርኩ። ፓል ዞር ብሎ አየኝ።

ወደ ኋላ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን "ቁም" አለኝ። ወረደና በዱላው ሣሩን ገፋ አድርጎ አየ። "ይሄ የከብት መንገድ ነው። ልጁ መንገድ መስሎት ገባ። አዲስ ጎማ፣ እየው።" በዚያው ገባን። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አገኘናቸው። ሰባት ቁጥር እስከ ሆዷ አሸዋ ውስጥ፣ ተክሌና አጋዡ በመኪናዋ ጥላ ሥር። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

"ኔትወርክ ፍለጋ ልሄድ ነበር" አለ ተክሌ። "ከመኪናችሁ አትራቁ ስላሉን ቀረሁ።" ቁጣዬን አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። ውኃ ሰጠናቸው። ከጎማው አየር ቀንሱ፣ አካፋችሁን አውጥታችሁ አሸዋውን ራሳችሁ ቆፍሩ አልናቸው። እኛ ግራር ሥር ተቀመጥን።

"ሱሌ" አለኝ ፓል። ሱሌ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

"አቤት።"

"መንገድ ላይ የቀረሁትን እኔ ድሮ ረሳሁት። ዝናብ ነበር። እኔ ፊት ብሆን እኔም አልቆምም።"

አንድ እፍኝ አሸዋ ዘገንኩ።

"ሐኪም ቤት ግን ለምን አልገባህም?"

አሸዋውን ጣልኩት።

"ሰአዳ ሾርባ ይዛ መጣች። ሁለት ቀን መጣች። በመስኮት መኪናህን አየሁ። በሩ ላይ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም። ጭሱን አየሁት።"

"አፍሬ ነው ፓል" አልኩት። "እግርህን ማየት ፈራሁ። ዛሬ እገባለሁ፣ ነገ እገባለሁ ስል ሳምንት ሆነ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ በምን ፊቴ?"

"አንተ አፈርክ። እኔ አርባ ቀን ጠበቅሁህ።"

አለቀስኩ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ግራር ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት በዚያ መንገድ ራሴን ስከስ ኖርኩ፣ እሱ ግን የተቀየመኝ ሌላ ነገር ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብሮት የኖረ ሰው፣ ከአልጋው ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ፣ እግዚአብሔር ይማርህ አላለውም። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ተክሌ "ወጣች! ወጣች!" እያለ ጮኸ። ፓል ዱላውን ይዞ ተነሳ።

እሁድ፣ ጥር 17

ውድድሩ አለቀ። ያሸነፈው ማን እንደሆነ አልሰማሁም። ፓል ኢታንግ የሚሄድ መኪና አግኝቶ ወጣ፣ በመስኮት እጁን አነሳልኝ። ይቅርታው አሁንም አልወጣኝም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ሳምንት አለፈ። አሁንም "ነገ"።

ሰአዳ ዛሬ ሚዛኑን ከእጄ ቀማችኝ። "ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ። አንተ ሰውዬ ሞት እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው? ለለቅሶው ልትሄድለት?"

ክፉ ቃል ነው። እውነት ስለሆነ ነው የከፋኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 27፣ ኢታንግ

ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ።

ጠዋት በሚኒባስ ወጣሁ። የኋላ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። ሾፌሩ ለጋ ልጅ ነው፣ አነዳዱ አያድርስ! ሁለቴ "ቀስ በል" አልኩት፣ ሦስተኛው ላይ ረዳቱ "አባባ፣ ይንዱልን?" አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀብኝ። መሃል መንገድ ላይ ከኢታንግ የሚመጣ ሚኒባስ አለፈን፣ አቧራው በመስኮት ገብቶ ሁላችንንም አሳለን።

የፓልን ቤት ጠይቄ ደረስኩ። ስኳርና ብርቱካን ይዣለሁ። ባለቤቱ ኛኩዎል በር ላይ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ስታየኝ ወዲያው አላወቀችኝም። ስታውቀኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ሱሌማን! ፓል የለም። ጠዋት ወጣ።"

"የት?"

"ጋምቤላ። ቤትህ ሄደ። 'እሱ አይመጣም፣ እኔ ልሂድ' አለ።" ከዚያ ሳቋ መጣ። እስክታለቅስ ሳቀች። እኔ ብርቱካኔን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ሰአዳ ጋ ደወልኩ። አነሳች፣ እሷም እየሳቀች ነው። ስልኩን ለእሱ ሰጠችው።

"ሱሌ፣ የት ነህ?"

"ቤትህ።"

"እኔ ቤትህ ነኝ። ሰአዳ ዓሣ ሠራች።"

"ቆይ፣ አሁኑኑ ልመለስ..."

"አይ። መንገድ ላይ ደግመን እንተላለፋለን። አንተ ተቀመጥ። እኔ እመጣለሁ።"

ተቀመጥኩ። ኛኩዎል ውኃ ሰጠችኝ፣ ፊቴን ታጠብኩ። በቆሎውን አብሬያት ፈለፈልኩ። የልጅ ልጆቿ ከበቡኝ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። አስር ሰዓት ላይ ወደ ጋምቤላ የሚመለሰው የመጨረሻ ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋ። ኛኩዎል "አያመልጥህም?" አለችኝ።

"ያምልጠኝ" አልኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ፓል ዱላውን እየተመረኮዘ ገባ፣ አቧራ ለብሶ። ተነሳሁ። ገና ሳይቀመጥ፣ ልጆቹ እያዩኝ፣ "ይቅር በለኝ ፓል፤ መግባት ነበረብኝ" አልኩት። ወጣልኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የቆየ ቃል አንድ ትንፋሽ አልሞላም።

ትከሻዬን ይዞ ቆየ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ "ይሄ ሰው ምሳ በላ?" አለ። አልበላም አለችው። ተቆጣት! በገዛ ቤቱ ጮኸባት፣ በቋንቋቸው፣ የኔን ስም እየጠራ።

አብረን በላን። ፍራሼን ራሱ ዘረጋልኝ። እዚህ አድራለሁ።