ጫማ ለሚደብቀው አባቴ

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። አንተን ቀብረን ከተመለስን ይኸው ሦስተኛው ረመዳን አለፈ። እኔ ልጅህ ሰዓዳ ያው ነኝ፤ ወሬ ማሳጠር ዛሬም አልተማርኩምና ታግሠህ ስማኝ።

ቤቱ ደህና ነው። አይሱዙህን ወንድሜ ከድር ሸጦ ባጃጅ ገዛበት፣ እንዳትቆጣው። እስከ በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ የአዳማ አቧራ ግን አሁንም ጠርገን ሳንጨርስ ይገባል። ከሻሸመኔ የሚመጡት ሹፌር ጓደኞችህ ብቅ እያሉ ይጠይቁናል። ሻይ ጠጥተው ወዲያው ይሄዳሉ፤ የሚያግዳቸው የለማ።

አንተ እያለህ ማን ደፍሮ ይወጣ ነበር? እንግዳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ አንዱን እግር ቀስ ብለህ አንስተህ ከጀሪካኑ ኋላ ትሸጉጠዋለህ። ሰውየው ምሳ ሳይበላ ልሂድ ብሎ ሲነሳ በአንድ እግር ጫማ ይቆማል፤ አንተ ምንም እንደማያውቅ ሰው ጣራ ጣራ ታያለህ። የመቂውን የሽንኩርት ነጋዴ ጫማማ የት እንዳስቀመጥከው ራስህ ረስተኸው፣ ሰውየው በአንተ ነጠላ ጫማ አገሩ ገባ። እማ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ይታየኛል። ያ ቤት እንዴት እንደናፈቀኝ!

አሁን ዋናውን ልንገርህ። እማ ታማለች። የአጥንት መቅኔ ካንሰር ነው። የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ሠሩ ሠሩና ተዉ፤ ሐኪሟ ሌላ ክኒን ቀየረላት። እሱ ደግሞ ያቅለሸልሻታል። ምግብ የሚያስጠላ ነገር መድኃኒት አይባልም ብላ አሻፈረኝ አለች። እኔ ፋርማሲስት ልጇ ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ አስረዳኋት። በእያንዳንዷ ሕዋሳችን መሃል እንደ እልፍኝ ያለ ክፍል አለ፣ አስኳል ይሉታል። እዚያ ውስጥ ክፉ እድገትን ተው የሚሉ ጠባቂ ፕሮቲኖች አሉ። ካንሰሩ እነሱን ተሸክሞ በበር የሚያስወጣውን ሌላ ፕሮቲን ያበዛዋል፤ ጠባቂ ሲጠፋ እንደ ልቡ ይራባል። ይህ ክኒን ተሸካሚውን አንቆ ይይዘዋል፤ ጠባቂዎቹ እዚያው ይቀሩና ሥራቸውን ይሠራሉ።

እማ ትንሽ አሰበችና፣ "ጫማቸውን ደበቀባቸው በይኛ" አለች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስለ አንተ አለቀስን።

ክኒኗን በታዘዘላት ቀን መዋጥ ጀመረች። የማቅለሽለሽ ማስታገሻም ተጨመረላት፤ ከድር ፓፓያ ያመጣል፣ እየተነጫነጨች ትቀምሳለች። የመጨረሻው የደም ምርመራ ደህና ነበር። እስከ መቼ እንደሚይዝላት ግን ሐኪሙም አያውቅም። እፈራለሁ፣ አባዬ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማዳምጠው ትንፋሿን ነው።

አንተን አልረሳህም። ዱዓ ሳደርግ ስምህን አስቀድማለሁ፣ ለልጆቼም ሳቅህን እነግራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። እማ እንደናፈቀችህ አውቃለሁ፤ እሷም አንተን ብላ ታለቅሳለች። ግን አትቸኩልባት። ትንሽ ለእኛ ተዋት።