በመደገፊያዎቹ መካከል የቀረው ስፋት

እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትሽን መካኒሳ አቦ አወጣን፤ ጥቁሬንም አውልቄያለሁ። ሐዘኔን ግን ከልብሱ ጋር አጣጥፌ ማስቀመጥ አልቻልኩም። ዛሬ የምጽፍልሽ ለማልቀስ አይደለም። ተበድያለሁ፤ ስበደል ደግሞ ሮጬ የምነግረው ላንቺ ነበር።

ቤቱ ደኅና ነው። የጨርቅ ሱቅሽን አክስቴ ይዛዋለች። ዊልቸርሽ ላይ ተቀምጠሽ እንድትደርሺባቸው ዝቅ ያደረግናቸውን መደርደሪያዎች መልሳ ከፍ አድርጋቸዋለች። አልተቀየምኳትም፤ እሷ ቆማ ነው የምትሸጠው። ከአባዬ ጋር ግን ተጣልተን ነበር። ወገብሽ የተጎዳ ጊዜ የበራችንን ደረጃ ሸፍኖ የሠራልሽን ራምፕ አፍርሼ ደረጃውን ልመልስ አለ። በወጣ በገባ ቁጥር ያንን ተዳፋት ማየት እንደከበደው አውቃለሁ፤ ሲሚንቶውን ያቦካው እሱ ራሱ ነው። አትነካውም አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ተኳርፈን እንወጣ፣ ተኳርፈን እንገባ ነበር።

በደሉ የደረሰብኝ ላፍቶ ነው። በሕይወት ሳለሽ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ የተመደብኩበት ሕንፃ አለቀ። ክሊኒክና ፋርማሲ ይገባበታል። መግቢያው ላይ ያለው ራምፕ በፕላኑ ላይ በቂ ስፋት ነበረው። በእኛ ሳይቶች ግን ስፋት የሚለካው ጥሬው ብሎኬት እንደቆመ ነው። ያን ቀን ልክ ነው ይባልና ይረሳል። ከዚያ ልስኑ ይመጣል፣ በልስኑ ላይ እብነ በረዱ፣ በመጨረሻ የእጅ መደገፊያው ብረት ከግራም ከቀኝም ከነማሰሪያው ወደ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይወስዳል፤ ማንም ተመልሶ አይለካም። እኔ ተመልሼ ለካሁ። ዊልቸር ያልፋል። ዊልቸሩን የሚገፋው እጅ ግን አያልፍም።

ተቋራጩ የሕንፃ ደንቡን ይዞ መጣና መደገፊያ ወደ መተላለፊያው በጥቂቱ እንዲወጣ የሚፈቅደውን አንቀጽ አነበበልኝ። አንቀጹ መኖሩ እውነት ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ስለሚያልፍ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ስለ ዊልቸር የተጻፈ ሌላ አንቀጽ አለ፤ የሚጠይቀውም በሁለቱ መደገፊያዎች መካከል ምንም ሳይነካው የሚቀረውን ስፋት ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ይህን በጽሑፍ አስረዳሁ። መደገፊያዎቹ ተነሥተው ግድግዳው እስኪስተካከል የርክክቡን ሰነድ አልፈርምም አልኩ።

የሕንፃው ባለቤት ክፉ ሰው አይደሉም። ሕንፃው የቆመበትን መሬት ድሮ በበሬ ያርሱ የነበሩ አዛውንት ናቸው። በዚሁ ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ምን አስጨነቀሽ? በዊልቸር የሚመጡትን ጥበቃዎቹ ተሸክመው ያስገቧቸዋል። ባገራችን ሰው ጠፍቶ ነው?» አሉኝ።

እማዬ፣ ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ብስራተ ገብርኤል አንድ ቢሮ ለጉዳይ የሄድን ዕለት፣ የማናውቃቸው ወንዶች ተጠራርተው ከነዊልቸርሽ አንሥተው ደረጃውን አወጡሽ። በአንድ እጅሽ ወንበሩን፣ በሌላው ከጉልበትሽ ላይ የሚሸሸውን ቀሚስሽን ይዘሽ ነበር። ሁሉንም አመሰገንሽ፣ መረቅሻቸው። ታክሲ ውስጥ ግን ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ፣ «ቸርነታቸው አይደለም የከፋኝ፤ ሳልጠየቅ ዕቃ መሆኔ ነው» አልሽኝ።

በማግስቱ ዊልቸርሽን አውጥቼ ጎማውን አስነፋሁ። የሚኒባሶቹ ረዳቶች አንጭንም ስላሉኝ አባዬ የጎረቤት ፒክአፕ ለመነልኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሳይቱ ላይ ሁሉም ቆመው ሲያዩ ተቀመጥኩበትና ራምፑን ወጣሁ። ከመሐል ሳልደርስ የቀኝ እጄ አንጓ ከማሰሪያው ብሎን ጋር ተፋተገና ቆዳው እዚያው ቀረ። አላቆምኩም። ላይ ስደርስ ግራውም ተልጦ ነበር። ባለቤቱ አንገታቸውን ደፉ። የኔ አለቃ ግን «የእናቷ ሐዘን ነው የሚያናግራት» ብሎ ከሳይቱ አነሣኝ። በእኔ ቦታ ሌላ መሐንዲስ መጥቶ ፈረመ።

በደሌ ይህ ነው። ዕውቀቴን ሐዘን አሉት። ሐዘን የለብኝም አልልም። ግን ሐዘኔ መለካት ያውቃል፤ ደንብም ማንበብ ያውቃል። ለክፍለ ከተማው አቤቱታ አስገባሁ።

እጄ የተላጠ ዕለት ማታ አባዬ ሲያየው፣ አንጓዎችሽ በየበሩ መቃን ሲላጡ ያንቺን ይይዝ እንደነበረው አድርጎ ያዘው። ቅባቱ አሁንም ያንቺ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቀባኝ፣ አሰረልኝ። ከዚያ ወዲህ ራምፑን ስለማፍረስ አላነሣም። ባለፈው እሑድ የተሰነጠቀውን ጠርዝ በሲሚንቶ ሲደፍን አገኘሁት።

ትናንት ከክፍለ ከተማው ተደውሎልኝ ነበር። ባለሙያዎች መጥተው ራምፑን ሊለኩ ነው፤ «አንቺም ተገኚ» ተብያለሁ። ሊፈርዱልኝም ሊፈርዱብኝም ይችላሉ። አለቃዬ ከሄድኩ ወደ ቢሮው እንዳልመለስ ነግሮኛል። እሄዳለሁ።

አንቺን በልቤ የያዝኩሽ ሰዎች ተሸክመውሽ አይደለም። የማስታውስሽ በራችን ላይ ነው፤ አባዬ ሊገፋሽ ሲነሣ በዓይንሽ ብቻ መልሰሽው፣ በራስሽ እጅ እስከ ላይ ወጥተሽ፣ ዞር ብለሽ ስታዪን። እኔ እስካለሁ ድረስ እንደዚያ ሆነሽ ትኖሪያለሽ።

እነሱ ሜትር ይዘው ይመጣሉ። እኔ ዊልቸርሽን ይዤ እሄዳለሁ።

ልጅሽ